ሽምግልና በሳይክል፤ ከዓባይ ማዶ እስከ ደብረ ታቦር ዳገት

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ራሱን ጎበዝ ነጂ አድርጎ ያያል። እኔም አንዱ ነበርሁ። ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ነው። በመንገዴ ላይ ዳገት የሚባል ነገር ቢኖር ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ነው፤ እሱንም ባልቴቶች ዘንቢል አንጠልጥለው ሳያርፉ ይወጡታል። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንሁ ግን ተራራ አላውቅም ማለት አልችልም። ዘመኔን ሙሉ የአልፕስን ተራራ በጠመኔ ስወጣውና ስወርደው ኖሬአለሁ። ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ከፍቼ የፈረንጅ ጋላቢዎች እዚያው አልፕስ ላይ በሳይክል እየተጥመለመሉ ሲወጡ እያየሁ፣ ሻዬን ፉት እያልሁ፣ «ይኸኛው ጉልበት የለውም!» እል ነበር።

አሁን ተመልሼ ስጽፈው እግሬ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። እናንተ ጎረቤቶቼ ይህን መንገድ በሳይክል መቼም እንደማትሄዱት አውቃለሁ፤ ደግሞም አትሂዱት። ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ አንተነህ እኔ ቤት ነው ያደገው፤ ከወለድኋቸው ለይቼው አላውቅም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲማር ስመኝ የምትባል ልጅ ወደደ፤ ዛሬ ደብረ ታቦር ነርስ ናት። እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ወደ አባቷ ወደ አቶ ዘለቀ ሄድን፤ እኔ፣ የሰፈራችን ካህን ቄስ አስማማውና ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ። «ተቀመጡ» ብንባል «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለን ደጃፉ ላይ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል እናውቃለን፤ የሚጠበቅ ነው። ምክንያቱ ግን አንገበገበኝ።

«አባቴ እናቴን ሲያገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡ» አሉ አቶ ዘለቀ። «እናንተ እንደ ስሚንቶ በሚኒባስ ተጭናችሁ መጥታችሁ፣ ገና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ልጅ ስጡን ትላላችሁ። ልጄ ይህን ያህል ቀላል ናት? ሌላ አንድ ጊዜ ኑ። ከዚያ ወዲያ ግን አልሰማም።»

«እንግዲያውስ በሳይክል እንመጣለን!» አልሁ።

አፌ ነው ያለው እንጂ ጉልበቴ አልተጠየቀም። ሐጂ ኑሩ ጎኔን ቢጎስሙኝም ጊዜው አልፏል። አቶ ዘለቀ ፈገግ ብለው «እስቲ እናያለን» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንተነህ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ካበላሻችሁት እኮ ሦስተኛ የለም» አለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ጎማዬን መንፋት ጀመርሁ።

ሰኞ

ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ዳር አደይ አበባ የፈነዳበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሳይክሉን አየችና «ለሽምግልና ነው የምትሄድ ለጉርምስና?» አለች። ቢሆንም ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ።

የእኔ ሳይክል ዕድሜዋ ከአንተነህ አያንስም፤ ማርሽ የላትም። ሐጂ ኑሩ የአንተነህን ባለ ማርሽ ተውሰዋል፤ ማርሹ እንዴት እንደሚቀየር ግን አልጠየቁም። ቄስ አስማማው በራሳቸው ሳይክል መጡ፤ መሪው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከኋላው ደግሞ መቋሚያቸው እንደ ባንዲራ ዘንግ ሽቅብ ታስሯል።

«አባ፣ መቋሚያው ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው።

«ሽማግሌ ቆሞ አይደል የሚናገር? እኔ ያለ መቋሚያ ብዙ ቆሜ አላውቅም።»

ፍሬን ያላችሁ እንደሆነ ከሦስታችን የአንዳችንም አይሠራም። ባሕር ዳር ፍሬን ምን ያደርጋል? ጫማ አለ።

የባጃጅ ሾፌሮች በጥሩምባ ሸኙን፤ ነፋሱም ከሐይቁ በኩል እየመጣ በጀርባችን ገፋን። ሐጂ ኑሩ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ የጀለቢያቸውን ጫፍ በቀበቷቸው ሸጉጠው እንደ ልጅ ደወል ያቃጭላሉ። ደስ አለን። እንዲያው ያለ ምክንያት ደስ አለን። እስከ ዘንዘልማ ድረስ ማንም ማንንም ሳይቀድም፣ ጎን ለጎን፣ እየተሳሳቅን ሄድን።

ችግር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ አገር ሰው ካህን አይቶ መስቀል ሳይሳለም አያልፍም። ካህኑ በእግሩ ይሁን በበቅሎ ለውጥ የለውም፤ በሳይክል የመጣ ካህን ሲሆንማ ማሳ ውስጥ ያለው ሁሉ ሥራውን ጥሎ «አባ! አባ!» እያለ ይሮጣል። ቄስ አስማማው ይወርዳሉ፤ መስቀሉን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ፤ ያሳልማሉ፤ ይመርቃሉ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደገና ይወጣሉ። ፔዳሉን ሁለቴ እንደረገጡ ሌላ «አባ!» ይመጣል።

«አባ፣ መስቀሉን መሪው ላይ እንሰረውና እየሄዱ ያሳልሙ» አሉ ሐጂ ኑሩ፣ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ።

«እርስዎም ሶላትዎን እየነዱ የሚሰግዱ ከሆነ እሺ» አሉ ቄስ አስማማው።

ሐሙሲት ገብተን ሻይ በዳቦ እንደቀመስን የሶላት ሰዓት ደረሰ። ሐጂ ኑሩ ዛፍ ሥር ሲሰግዱ ሳይክላቸውን ደግፈው የቆሙት ቄስ አስማማው ናቸው። አላፊ አግዳሚው በዚያው መስቀል ተሳለመ። እኔም ዳቦ ቆሎውን ጨረስሁት።

ፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ደስታዬ አናቴ ላይ ወጣ። ግራና ቀኝ ሩዝ ነው፤ ውኃ ያዘለ አረንጓዴ ሜዳ። የባሕር ዳርን አስፋልት እንኳ ያስንቃል፣ እንዲያ ያለ ሜዳ! ሁለት እጆቼን ከመሪው ለቅቄ እንደ ወፍ ዘረጋሁ። ጋቢዬም ተዘረጋ። የኋላው ጎማ የጋቢዬን ጫፍ ጎረሰ፤ እኔም አስፋልቱን ለቅቄ ሩዙ ውስጥ በግንባሬ ገባሁ።

ከማሳው ባለቤት ድንጋጤና ቁጣ ስጠብቅ፣ ሰውየው ቀስ ብሎ መጥቶ ብብቴን ይዞ አነሳኝና «ጌታው፣ እዚህ የምንዘራ ሩዝ ነው፤ ሰው መች ዘራን!» አለኝ። ጓደኞቼ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ነጩ ጋቢዬ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የካቴና ቅባት ሆነ። ልጅ የምለምንበት ጋቢ እኮ ነው!

ወረታ የገባነው ጀንበር ሳትጠልቅ ነው። ያደርነው የሐጂ ኑሩ ታናሽ እህት፣ የሩዝ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘሀራ ቤት ነው። በሩን ከፍታ ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አየችንና «ወንድም ጋሼ፣ ምን አጥፍተህ ነው እንዲህ የተቀጣህ?» አለች። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄ አልነበረም። ሙቅ ውኃ በጨው ለእግራችን መጣ፤ ጋቢዬ ከትከሻዬ ላይ ተገፎ ወደ ማጠቢያ ሄደ። ራት ሲቀርብ ቄስ አስማማውና እኔ በልባችን ተጨንቀን ነበር። የእስላም ቤት ሥጋ እኛ አንበላም፤ ሰው እንዲህ ደክሞልን እንቢ ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ወይዘሮ ዘሀራ ክዳኑን ስትከፍተው ከጣና የመጣ ቆሮሶ አሳ ተጠብሶ ተደርድሯል።

«የኛን ሥጋ እናንተ አትበሉ፣ የናንተን እኛ አንበላ» አለች። «አሳ ግን ሃይማኖት የለው። ብሉ!»

ቄስ አስማማው ባረኩ፤ ሐጂ ኑሩ ቢስሚላህ አሉ፤ እኔ እጄን ሰደድሁ። እንጀራው ሩዝ የተቀላቀለበት ስለሆነ ነጭና ለስላሳ ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ እንዲህ ያለ አሳ የሚያበላኝ ቤት የለም፤ ባለቤቴ ይህን አንብባ ብትቆጣም እውነቱ ይህ ነው። ትንኙን በተመለከተ ግን የኛው ይሻላል፤ የፎገራው አጎበር ቢያይም አይመለስም።

ማክሰኞ

ጠዋት ጋቢዬ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ቅባቱ ግን እንዳለ ነው። ወይዘሮ ዘሀራ የባለቤቷን አዲስ ጋቢ አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «እሺ ካሉ ለሙሽራው ስጦታ ይሁን» አለች። «እንቢ ካሉ ግን ታጥቦ ይመለስልኝ።»

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን እስከ አለምበር መንገዱ ብዙም አልከፋም። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ረገጥሁ፣ ሳይክሏ እንቢ አለች። የተበላሸች መስሎኝ ወርጄ ካቴናውን አየሁት፤ ደህና ነው። ጎማውን ጨበጥሁት፤ ደህና ነው። ቀና ብዬ ስመለከት መንገዱ ፊቴ ላይ ቆሟል። ለካ ዳገት ማለት ይህ ኖሯል! ለስንት ተማሪ «የመሬት ተዳፋት» እያልሁ በሰሌዳ ላይ ያሠመርሁት መሥመር እንዲህ ያለ ነገር ነው? ከልቤ ያዘንሁት ለእነዚያ ተማሪዎች አልነበረም፤ ሻይ ፉት እያልሁ ጉልበት የለህም ላልሁት የአልፕስ ጋላቢ ነው።

ሐጂ ኑሩ አንድ ነገር ሲነካኩ ማርሹ «ቀጭ» አለ። «ወላሂ ቀለለኝ!» ብለው እግራቸው እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይመላለስ ጀመር። እግራቸው ይበር እንጂ ሳይክሉ ከኛ እርምጃ አልፈጠነም። ትናንት ያማረረን የመስቀል መሳለም ደግሞ ዛሬ ተወዳጅ ሆነ። ሰው ሲጠፋ እንኳ ሐጂ ኑሩ ወደ ማሳው እየተጣሩ «ኧረ መስቀል የሚሳለም የለም? አባ እዚህ ናቸው!» ይላሉ። በየመሳለሙ መሐል እንተነፍሳለን።

ከጥቂት በኋላ ዱቄት አስፈጭታ የምትመለስ ሴት ከነአህያዋ ደረሰችብን። አህያዋ ዞር ብላም ሳታየን ቀደመችን።

«ወዴት ነው የምትሄዱ?» አለች ሴትዮዋ መስቀሉን ተሳልማ።

«ለሽምግልና፣ ደብረ ታቦር።»

«በዚህ?» ወደ ሳይክሎቹ ጠቆመች። ሳቅ ይዟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሲወጣላት ያለ ብዙ ወሬ ኮሮጇችንን ከላያችን ወስዳ አህያዋ ላይ ጫነችው። «ወርዳችሁ ግፉ፤ ማን ያያችኋል? አምላክም እንዲህ ያለውን አይቆጥር።»

«አቶ ዘለቀ ያያሉ» አልሁ።

«አቶ ዘለቀ ዓለም ሳጋ ጫካ ድረስ ዓይን አላቸው? ጫካው ካለቀ በኋላ ትወጡበታላችሁ።»

ቄስ አስማማውን አየኋቸው፤ እሳቸውም ሐጂ ኑሩን አዩአቸው። ሦስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በሳይክል እንመጣለን ብለናል፤ በሳይክል እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ከአንዱ ጥምዝ እስከ ሌላው ጥምዝ እየነዳን፣ እየቆምን፣ እየተነፈስን፣ እንደገና እየነዳን ወጣን። ሴትዮዋ ከፊታችን እየሄደች የመንደሩን ወሬ ጮክ ብላ ትነግረናለች፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ የማን በሬ እንደጠፋ። የወሬው መጨረሻ እንዳያመልጠን ስንል ብቻ የተረገጠ ፔዳል ብዙ ነው።

አንዱ ጥምዝ ላይ ቄስ አስማማው «ዙሩ!» አሉ። ዞርን። ከሥራችን ፎገራ ተዘርግቷል፤ ከፎገራ ወዲያ ደግሞ ጣና ያበራል። ሐይቁ ዳር ተወልጄ፣ ሐይቁ ዳር አርጅቼ፣ እንዲህ ከፍ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ጠዋት ማታ በዳርቻው የማልፈው ያ ሁሉ ውኃ ከዚህ ሲታይ ድፎ ዳቦ ያስቀመጡበት ትሪ ያክላል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፈርሁም። «ባሕር ዳር!» ብዬ ጮህሁ። ሐጂ ኑሩም ጮሁ። ቄስ አስማማው ለክብራቸው ዙሪያቸውን አይተው፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ከሁላችንም ይበልጥ ጮሁ። አህያዋ ያን ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየችን።

ዓለም ሳጋ ጫካ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይገባል። ባሕር ዳር በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል፤ እኛ ጋቢ ተከናንበን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። ሴትዮዋ ኮሮጇችንን መልሳ «ይቅናችሁ» ብላ ወደ ቤቷ ታጠፈች። ስሟን ሳንጠይቃት መቅረታችን እስካሁን ይቆጨኛል።

አቶ ዘለቀ ደጃፍ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዘመድ በረንዳው ላይ ተሰብስቧል። ስመኝ በጓዳ መስኮት ብቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። አቶ ዘለቀ ሦስቱን ሳይክሎች አጥር ሲደገፉ ቆመው አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ ቄስ አስማማው።

«እንግዲያው ከወንድሞቼ ጋር ልማከር» አሉና ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ቆምን። ማንም እንዳይሞክረው የምመክረው ነገር ቢኖር፣ ያንን ዳገት ወጥቶ መቆም ነው። ቄስ አስማማው ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማሕሌት የሚያድሩ ሰው ስለሆኑ ግንድ ሆነው ቆሙ። መቋሚያቸውን ከሳይክሉ ፈትተው ለሐጂ ኑሩ ሰጧቸው። «ይያዙ ሐጂ፤ እንጨት ነው፣ አይነክስም።» ሐጂ ኑሩ ጀለቢያቸውን ለብሰው የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ብብታቸው ሥር አስገብተው ተደገፉ። ለእኔ ሁለተኛ መቋሚያ አልነበረም።

 የአንተነህ ፊት መጣብኝ። ወንድሜ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ለቅሶው ላይ እግሬን አቅፎ አልለቅም ያለኝ። ቁም፣ ትንሽ ቁም አልሁ ለራሴ። በዚህ መሐል ባቴ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ። ጮህሁ መሰለኝ። መሬቱ መጣ፤ እኔም አቶ ዘለቀ ግቢ ውስጥ በቂጤ ዘጭ አልሁ።

 በረንዳው ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት «ውይ! ሽማግሌው ተቀመጡ!» አሉ። «እሺ ሳይባሉ ተቀመጡ! በቃ፣ ትተውታል ማለት ነው።»

በሩ ተከፈተ፤ አቶ ዘለቀ ከወንድሞቻቸው ጋር ወጡ። ለመነሳት ሞከርሁ፤ እግሬ የኔ አልነበረም። «አቶ ዘለቀ፣ አልተቀመጥሁም» አልሁ። «ወድቄ ነው። በልጁ አያድርጉት፤ ጥፋቱ የእግሬ ነው።»

አቶ ዘለቀ ወደ ሳይክሎቹ አዩ። ወደ ሐጂ ኑሩና ወደ መቋሚያው አዩ። ከዚያ ደረጃውን ወርደው መጡና አጠገቤ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሱሪዬን ከፍ አድርገው ባቴን በሁለት እጃቸው ያሹት ጀመር።

«ወንድሞቼ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «በአባታችን ቤት ሽማግሌ የሚቀመጥ መቼ ነው?»

«እሺ ሲባል» አለ አንዱ።

«እኒህ ሰው ተቀምጠዋል አልተቀመጡም?»

«ተቀምጠዋል።»

«እንግዲያው እሺ ብያለሁ ማለት ነው። ምን ትጠብቃላችሁ? ውኃ አምጡ!»

እልልታው ከጓዳ ተነስቶ አጥሩን ዘለለ። ሐጂ ኑሩ መቋሚያውን ጥለው ቄሱን አቀፉ። እኔ እየሳቅሁ ነው ያለቀስሁት፤ አቶ ዘለቀም ባቴን ማሸታቸውን አልተዉም።

ራት ላይ ስልኬን ሳወጣ ግን አቶ ዘለቀ እጄን ያዙኝ። «ይህ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ በራሱ ነው የሚያደርስ።» ስመኝን አየናት። «እኔም አልነግረው፤ አንድ ሌሊት ይጨነቅ» አለች። ሦስታችንም ስልካችንን አጠፋን፤ አንተነህን እያሰብሁ አዘንሁ፣ ግን ሳቄ መጣ።

ረቡዕ

በቁልቁለት ለመብረር ስንዘጋጅ አቶ ዘለቀ መሪዬን ጨብጠው «ፍሬኑ የታለ?» አሉ። ጫማዬን አሳየኋቸው። ድንች ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ የጎረቤት አይሱዙ አስቆሙ፤ ሳይክሎቹን በገዛ እጃቸው ጫኑ፤ እኛንም ከላይ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የወጣነውን ዳገት አንድ ዘፈን ሳያልቅ ወረድነው። ቄስ አስማማው አይዘፍኑም፤ ያጨበጭባሉ። ወረታ ላይ በወይዘሮ ዘሀራ ደጅ ስናልፍ ከድንቹ ጆንያ ላይ ተነስቼ «ዘሀራ! ጋቢው ለሙሽራው ሆነ!» ብዬ ጮህሁ፤ እልል አለች፤ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ዓባይ ማዶ ከመድረሳችን በፊት ወርደን ሳይክሎቻችን ላይ ወጣን። እንደ ድንች ተጭነን ሰፈር አንገባም።

አንተነህ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። እኛን ሲያይ አልሮጠም፤ ባለበት ደርቆ ቀረ። በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ተውሁት። ሳይክሌን አስፋልቱ ዳር አጋደምሁና መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሐጂ ኑሩ አጠገቤ ተቀመጡ። ትናንት ደብረ ታቦር ግቢ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያልተቀመጡት ቄስ አስማማውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው አቧራው ላይ ተቀመጡ።

አንተነህ አንድ በአንድ አየን።

«ጋሼ… ተቀመጣችሁ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ልጁ መጣና ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ፣ በአምስት ዓመቱ እንዳደረገው፣ እግሬን በሁለት እጁ አቀፈው። ባቴ ክፉኛ ያመኝ ነበር፤ ልቀቀኝ ግን አላልሁትም።